ሌጦው፣ ከሰሉና የሄደው ፋብሪካ

መምህሩ፦ ጋሼ፣ ትናንት ለተማሪዎቼ አንድ ጥያቄ ሰጥቻቸው ነበር። አንድ ኩባንያ ከመንግሥት መሬት፣ ተሠርቶ የቆየ ሼድና የግብር እፎይታ ይሰጠዋል። ጥቂት ዓመት ሠርቶ ሥራውን ጠቅልሎ ሌላ አገር ልሂድ ይላል። መንግሥት ዝም ብሎ ሊሸኘው ይገባል ወይስ ሊያስቀረው? ከክፍሉ ውስጥ «ይሸኝ» ያሉት ሦስት ልጆች ብቻ ናቸው። እኔም ከብዙኃኑ ጋር ነኝ። እርስዎ ግን ገና ሳልጨርስ ሳቁ።

ነጋዴው፦ በልጆቹ አልሳቅሁም። «ማስቀረት» የምትለዋ ቃል ናት ያሳቀችኝ። እኔ ዳንግላ ላይ በግ ስሸጥና ሌጦ ስሰበስብ ነው ያረጀሁት። መንግሥት አንድን ነገር አገር ውስጥ ላስቀር ብሎ ሲነሣ ምን እንደሚመስል፣ ጨው የበላውን ይህን መዳፌን ጠይቀው።

መምህሩ፦ የቆዳው ነገር ለብቻው ነው እኮ።

ነጋዴው፦ እንዴት ለብቻው ይሆናል? በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ጥሬ ቆዳና ዌት ብሉ የሚባለውን በከፊል የለፋ ቆዳ ወደ ውጭ በሚልክ ሰው ላይ 150 በመቶ ቀረጥ ተጣለ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ክረስት የሚባለው፣ ለፍቶ የደረቀ ግን ያላለቀ ቆዳም ተጨመረበት። ምክንያቱን በስንት ስብሰባ ሰምቼዋለሁ፦ ሌጦው ጥሬውን ሲወጣ፣ የሚያለፋው፣ የሚያቀልመውና ጫማና ጓንት አድርጎ የሚሰፋው ሰው እንጀራም አብሮት ይወጣል። ሥራ ባሕር እንዳይሻገር የወጣ ፖሊሲ አሳየኝ ብትለኝ ከዚህ የጠራ አላሳይህም። ሐሳቡ ሸጋ ነበር፤ እኔም አጨብጭቤለታለሁ።

መምህሩ፦ ታዲያ ምን ሆነ?

ነጋዴው፦ በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ፣ በ2007 ዓ.ም. ከቆዳና ከቆዳ ውጤት 500 ሚሊዮን ዶላር ይገኛል ተብሎ ነበር። ሲሶውን እንኳ አልሞላም። ከዚያ በኋላማ ወደ ታች ነው የሄደው። እዚህ ደግሞ ምን እንደሆነ ልንገርህ። በግ ጠዋት ታርዶ ሌጦው ከሰዓት በፊት ጨው ካልነካው ጠጉሩ መነቀል ይጀምራል። ስለዚህ ሰብሳቢ የምትባለው ሰው በበዓል ቀን አትተኛም፤ ከቤት ቤት ትዞራለህ፣ ብርሃን ላይ ዘርግተህ ታያለህ፣ ቢላ የነካውን ለብቻ፣ እከክ የያዘውን ለብቻ ታደርጋለህ፣ ጨው ትነሰንሳለህ፣ ትደረድራለህ። ለዚህ ሁሉ ልፋት የሚከፍልህ ዋጋው ነው። ፋብሪካው «ከእኔ ሌላ ገዢ የለህም» ብሎ ዋጋውን ሲያወርድ፣ እኔ ከገበሬው ላይ አወረድሁ፤ ገበሬውም በጉን አርዶ ሌጦውን ለውሻ ወረወረ። የእኛ ዋሸራ በግ፣ ሰዉ ዳንግላ በግ እያለ የሚጠራው፣ ሌጦው የፋሲካ ማግሥት ከአስፋልቱ ዳር ቦይ ውስጥ ተጥሎ ታየዋለህ። ሥራው ወደ ውጭ አልሄደም፤ ቦይ ውስጥ ቀረ።

መምህሩ፦ አሁን የነገሩኝ የእኔን ክርክር የሚረዳ ነው፣ ጋሼ። ቀረጡ ያሰረው ማንን ነበር? ገበሬውንና እርስዎን። ፋብሪካው ምንም አልተጠየቀም። «ጥሬ ዕቃው በግድ ወደ አንተ ይመጣልሃል» ተባለ እንጂ «አንተስ በለውጡ ስንት ሰው ትቀጥራለህ፣ በስንት ዋጋ ትገዛለህ» ያለው የለም። ደካማውን ወገን አሥሮ ጠንካራውን የለቀቀ ፖሊሲ ነበር። እኔ የምለው ገመዱ እጁን ዘርግቶ የተቀበለው ሰው እግር ላይ ይሁን ነው።

ነጋዴው፦ ጥሩ ብለሃል። ግን ስታስረው ዝም ብሎ ይቆምልሃል?

መምህሩ፦ ያደረጉት አሉ። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ2018 «የክብር ድንጋጌ» የተባለ ሕግ አወጣች። የመንግሥት ድጋፍ የወሰደ ኩባንያ በአምስት ዓመት ውስጥ ሥራውን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ካዛወረ የወሰደውን ይመልሳል፤ በላዩም ከድጋፉ ከሁለት እስከ አራት እጥፍ የሚደርስ ቅጣት ይከፍላል። ማንንም «አትሂድ» አይልም። «ሂድ፤ የኛን ግን አስቀምጠህ» ነው የሚለው።

ነጋዴው፦ ጀርመን አገር ያለው ልጄ የሚኖረው ቦኹም የምትባል ከተማ አጠገብ ነው። የኖኪያን ታሪክ የነገረኝ እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ኖኪያ እዚያ የነበረውን የስልክ ፋብሪካ ዘጋ፤ ከ2,000 በላይ ሠራተኛ ነበረው። ወዴት ሄደ? ሮማኒያ፣ ክሉዥ። ጀርመኖች ተቆጡ፤ ሚኒስትር ሳይቀር በአደባባይ ስልኩን ልቀይር አለ። ክፍለ ሀገሩ የሰጠሁህን 41 ሚሊዮን ዩሮ ከነወለዱ መልስ ብሎ ያዘው። መጨረሻው በድርድር፣ ለከተማይቱ መልሶ ማቋቋሚያ ገንዘብ በማዋጣት አለቀ። ፋብሪካው ግን አልተመለሰም። ሮማኒያም ብትሆን ደስታዋ ሦስት ዓመት ነው የቆየላት፤ በ2011 ያንንም ዘግቶ ፊቱን ወደ እስያ አዞረ።

መምህሩ፦ ቢያንስ ቦኹም ባዶ እጇን አልቀረችም።

ነጋዴው፦ አልቀረችም። ግን ልብ በል፤ ያ የጀርመን መንግሥት ነው። ጠበቃ አለው፣ ገበያ አለው፣ ኩባንያው ነገም ስልክ ሊሸጥለት ይፈልጋል። እኛ ለካልቪን ክላይን ሸሚዝ ምን ዓይነት ገበያ ነን? «አልገዛህም» ብንለው ይደነግጣል?

መምህሩ፦ እንግዲያው ሐዋሳን እናንሣት። ፓርኩ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ስልሳ ሺህ ሰው ይቀጥራል ተብሎ ነበር። ትልቁ ስም ፒቪኤች ነው፤ ካልቪን ክላይንንና ቶሚ ሒልፊገርን የያዘው የአሜሪካ ኩባንያ። እርሱ መጣ ሲባል ሌሎችም ተከተሉት። ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት መጣ። በጥቅምት 2014 አሜሪካ ኢትዮጵያን አጎዋ ከሚባለው ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድሏ እንደምታስወጣ አስታወቀች፤ ውሳኔው ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። ፒቪኤች ግን እስከዚያ አልጠበቀም፤ በኅዳር ላይ ፋብሪካዬን እዘጋለሁ ብሎ ነበር።

ነጋዴው፦ የቱ ሕግ ያስቀረው ነበር?

መምህሩ፦ የትኛውም።

ነጋዴው፦ ይኸው!

መምህሩ፦ ላስጨርስ እንጂ። የትኛውም ሕግ አያስቀረውም ነበር፤ ሊያስከፍለው ግን ይችል ነበር። ሼዱን የሠራው ማን ነው? የፍሳሽ ማጣሪያውን፣ መብራቱን፣ መንገዱን? መንግሥት፣ በብድር። ኩባንያው ተከራይ ነው። ተከራይ ደግሞ ቤቱ ሲያፈስስ ጣራ አይሠራም፤ ይለቃል። ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ርካሽ ጉልበት ነው፤ ለእኔ ግን የሚበልጠው ተከራይነቱ ነው። አንድም ግድግዳ የእርሱ ስላልሆነ ለመውጣት የፈጀበት ወራት ብቻ ነው።

ነጋዴው፦ እኔም ወደዚያ ነበር የምመጣው። ታዲያ ግንቡን ራስህ ሥራ ብትለው ይመጣ ነበር? በጎረቤት ኬንያ ቀጥ ያለ መንገድና ወደብ እያለለት? ደግሞ አዋጁን አንብበሃል፤ የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012። የውጭ ባለሀብት ትርፉን፣ ድርጅቱን ሲሸጥ ወይም ሲያፈርስ ያገኘውን ገንዘብ በውጭ ምንዛሪ ይዞ የመውጣት መብት አለው ይላል። እንግዳውን ስንጠራ የጓሮ በሩንም አብረን አሳይተነዋል። ባናሳየውማ አይገባም ነበር። አንተ አሁን ያንን በር ልቆልፍ ነው የምትለኝ።

መምህሩ፦ የራሱን ገንዘብ ይዞ ይውጣ፤ አልነካበትም። የእኛን ነው የምጠይቀው። ስንት ዓመት ግብር ሳይከፍል ቆየ? ማሽኑን ስንት ቀረጥ ሳይከፍል አስገባ? ይህ በቁጥር የሚሰፈር ነገር ነው። ውሉ ሲፈረም «ከአሥር ዓመት በፊት ብትወጣ ይህን ያህል ትመልሳለህ» ተብሎ ቢጻፍና በየዓመቱ እየቀነሰ ቢሄድ፣ የሚሸሸው ቀድሞውንም ለመሸሽ ያሰበው ነው።

ነጋዴው፦ በወረቀት ላይ ያማረ ነው። ግን በዚያ ዓመት ጦርነት ነበር። ኩባንያው «ያስወጣኸኝ አንተ ነህ» ቢልህ ምን ትመልሳለህ? ፍርድ ቤቱ እንግሊዝ አገር ቢሆንስ? እዚህ ጎጃም ውስጥ ከ2015 ማብቂያ ወዲህ መንገዱ ስንት ጊዜ ተዘግቶ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ አንተም ታውቃለህ። ከዳንግላ ባሕር ዳር ሰማንያ ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ አንዳንድ ሳምንት ከዱባይ ትርቃለች። ለእንዲህ ያለ መንገድ ዋስትና ሳትሰጠው አሥር ዓመት ቁጭ በል ትለዋለህ?

መምህሩ፦ ይህ ከባድ ነው። አልክድም።

ልጅቷ፦ እኔ ልናገር? ስትከራከሩ ኩባንያው ሄደ፣ ኩባንያው ቀረ ትላላችሁ። እኔ ከአንድ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው የመጣሁት፤ ሦስት ዓመት ሰፍቻለሁ። ስሙን ተዉት። አራት ሆነን አንድ ክፍል ተከራይተን ነበር፤ ሁለቱ ሌሊት ሲገቡ ሁለቱ ይተኛሉ፣ ፍራሹ አይቀዘቅዝም። እኔ የሸሚዝ ኮሌታ ላይ ነበርሁ። ቀኑን ሙሉ ኮሌታ ብቻ፤ ሙሉውን ሸሚዝ አልሰፋሁም፣ አሁንም አልችልም። ያን ጊዜ ማንም «ትቀሪያለሽ ወይስ ትሄጃለሽ» ብሎ የጠየቀኝ የለም። ከፋብሪካው ቀድመው የሚሄዱት ልጆቹ ናቸው። ከእኔ ጋር የገቡት በዓመቱ ግማሾቹ አልነበሩም።

መምህሩ፦ እ.ኤ.አ. በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ያወጣው ጥናት የምትይውን ይመስላል። የሐዋሳ ጀማሪ ሠራተኛ በወር 26 ዶላር ታገኝ ነበር። በዚያው ጊዜ ባንግላዴሽ 95፣ ኬንያ 207። በዓለም የልብስ ኢንዱስትሪ ዝቅተኛው ነው ብለው ጻፉ። እኛም እንደ ምርቃት ወስደን ለባለሀብት ማስታወቂያ አደረግነው።

ነጋዴው፦ በርካሽነትህ የጠራኸው ሰው እኮ ነው። ከአንተ የረከሰ ሲያገኝ ምን ይጠብቃል? እኔስ ብሆን፣ ከዚህ ይልቅ ቲሊሊ ላይ በግ በመቶ ብር የሚቀንስ ከሆነ ዳንግላ ገበያ ላይ ለይሉኝታ እቆማለሁ?

መምህሩ፦ አይቆሙም። ለዚህም ነው ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የሚያስፈልገው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ይላል። ቃሉ አዋጁ ላይ አለ፤ ወለሉ ግን የለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ ዶላሩ በዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ወጣ። በብር ትንሽ የተጨመረላት ልጅ በዶላር ስትቆጠር እንደገና ረከሰች።

ነጋዴው፦ ወለሉን ከፍ ብታደርግ ደግሞ ማዳጋስካር ይሄዳል ትለኛለህ።

መምህሩ፦ እኔ ሳልሆን እርስዎ ነዎት እንዲህ የሚሉት።

ነጋዴው፦ እሺ፣ እኔ ነኝ። ግን አንድ ነገር ይገርመኛል። አንተ «ሥራ ወደ ውጭ ሄደ» ስትል የምታዝነው ሲወጣ ብቻ ነው። ሲመጣስ ከማን ነው የመጣው? ከእኛ ሌጦ የጓንት ቆዳ ሲሠራ የኖረ አንድ የእንግሊዝ ኩባንያ ነበር፤ ፒታርድስ። ዮቪል በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1826 የተመሠረተ። እ.ኤ.አ. በ2009 ኤጀርሳ ያለውን ቆዳ ፋብሪካ ገዝቶ አዲስ አበባ ላይ ጓንት ማሰፋት ጀመረ። እኛ አጨበጨብን። የዮቪል ጓንት ሰፊ ግን ምን አለች? በ2023 እናት ኩባንያው ራሱ ከሰረ፤ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው። ዱከም ላይ በ2004 ዓ.ም. ጫማ መሥራት የጀመረው የቻይናው ኋጂያንስ? ዶንግጓን ላይ የነበረ ሥራ ነው። አሜሪካኖች ሥራችን ሄደብን ብለው ሲያለቅሱ የሚያዩት የቻይናን ሰው ነው፤ የቻይናው ሠራተኛ ደግሞ የእኛን ልጆች ያያል።

ልጅቷ፦ እኛ ደግሞ የምናየው ቀጣሪያችንን ነበር፤ ጠዋት በሩ ተከፍቶ እንደሆነ።

መምህሩ፦ የአሜሪካኖቹን ካነሡ አይቀር፣ እነርሱም ሞክረውታል። እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ኢንዲያናፖሊስ ያለው የኬሪየር ፋብሪካ ወደ ሜክሲኮ፣ ሞንቴሬይ ሊሄድ ሲል፣ ተመራጩ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ገብተውበት ግዛቱ 7 ሚሊዮን ዶላር የግብር ማበረታቻ ሰጠው። ስምንት መቶ ያህል ሥራ ቀረ ተብሎ ተደሰቱ። በቀጣዩ ዓመት ከዚያው ፋብሪካ ስድስት መቶ ያህል ሰው ተሰናበተ። ስለዚህ በልመና ማስቀረት የትም እንደማያደርስ እኔም አውቃለሁ። ፈረንሳይም እ.ኤ.አ. በ2014 የፍሎራንዥ ሕግ ብላ፣ ሺህ ሰውና ከዚያ በላይ የሚያሠራ ድርጅት አንድ ፋብሪካ ከመዝጋቱ በፊት ገዢ ፈልግ አለችው። የሕገ መንግሥት ምክር ቤቷ ቅጣቱን ሰረዘባት። ፈልግ የሚለው ቀረ፤ ባትፈልግ የሚለው ጠፋ።

ነጋዴው፦ እኔን ትረዳለህ እንዴ ዛሬ?

መምህሩ፦ እውነቱን ነው የምናገረው። ብዙዎቹ ሕጎች የሚደርሱት ሻንጣው ከታሰረ በኋላ ነው። ቀድሞ የሚሠራው ነገር ሌላ ነው። እኅቴ፣ አባትሽ እዚሁ አዊ ዞን፣ ፋግታ ለኮማ ወረዳ አይደል የሚኖረው?

ልጅቷ፦ አዎ፤ ከአዲስ ቅዳም ወጣ ብሎ። ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ለከሰል ያለማል። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ይተክልና በመካከሉ ገብስ ወይ ጤፍ ይዘራል። ከዚያ ሣሩን እያጨደ ለከብት ይሰጣል። በአራት በአምስት ዓመቱ ይቆርጠዋል። እንጨቱን ይከምረዋል፣ በቅጠል ይሸፍነዋል፣ አፈር ያለብሰዋል፣ እሳቱን ከታች ይለኩሰዋል። ከዚያ ጢሱን እያየ ይጠብቃል፤ ነጭ ሲሆን እርጥብ ነው፣ ሰማያዊ ሲሆን ደርሷል። አንድ ሌሊት ቢተኛ አየር ይገባና አመድ ይሆናል። እናቴ ቡና ይዛለት ትወጣለች። ከሰሉ በማዳበሪያ ተሞልቶ አይሱዙ ላይ ይጫናል፤ አዲስ አበባ ይገባል።

መምህሩ፦ ይኸውልዎት ጋሼ። ይህን ሥራ ከአዊ ያስወጣው አለ? ከሰል ማክሰሉ ለምን አዲስ አበባ አልሄደም? እንጨቱ ከባድ ስለሆነ። ብዙ ኪሎ እንጨት ጭነህ ጥቂት ኪሎ ከሰል ለማውጣት አራት መቶ ምናምን ኪሎ ሜትር ማን ይነዳል? ሥራው እዚህ የቀረው በአዋጅ አይደለም፣ በሚዛን ነው። የሸሚዝ ኮሌታ ግን ጨርቁ ከውጭ፣ ክሩ ከውጭ፣ ቁልፉ ከውጭ፣ ገዢው ከውጭ። ከእኛ የነበረው የእኅቴ እጅ ብቻ ነው። ማሽኑን ነቅሎ መሄድ የሁለት ሳምንት ሥራ ነው። ስለዚህ መንግሥት ድጋፉን እዚህ ካልሆነ ሌላ ቦታ መሥራት ለማያዋጣው ሥራ ይስጥ። ሌጦ ይበሰብሳል፣ ድንች ይከብዳል፣ የእንጅባራ ቀርከሃ ሙሉውን ሲጫን መኪናው ውስጥ ግማሹ አየር ነው። ወንበር ሆኖ ይውጣ።

ነጋዴው፦ ከዚህ በታች ቡሬ ሂድ። ፊቤላ የዘይት ፋብሪካ በ2013 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር የማምረት አቅም አለው ተባለ። ባለቤቱ ኢትዮጵያዊ ነው፤ የትም አይሄድም። አኩሪ አተሩም፣ ሰሊጡም፣ ኑጉም በዙሪያው ነው። አንተ እንዳልከው በሚዛን የተተከለ ነው። ሆኖም የአገራችን ዘይት ፋብሪካዎች በግብዓትና በውጭ ምንዛሪ እጥረት ከአቅማቸው እጅግ በታች ሲሠሩ እንደኖሩ በየዜናው ትሰማለህ። ዘይታችንም በአብዛኛው አሁንም ከውጭ የሚመጣው ፓልም ነው። አለመሄድ ብቻውን ሥራ አይሆንም። የቆመ ወፍጮም አልሄደም።

መምህሩ፦ እሺ፣ ይህችን ተቀብያለሁ።

ነጋዴው፦ ሌላም አለ። ዲከረንሱን እንደ ምሳሌ አነሣኸው፤ መልካም። ግን ያ ዛፍ አሁን ምን ሆኗል? አንቺ ንገሪው።

ልጅቷ፦ ዝገት ያዘው። ቅጠሉ ላይ ቡናማ ነገር ያወጣል፣ ቅርንጫፉ ያብጣል፣ ችግኙ ሳይረዝም ይደርቃል። ፈንገስ ነው አሉን። አባቴ ሁለት ጥማድ ነቅሎ ወደ ጤፍ መልሶታል።

ነጋዴው፦ አየህ? ወረዳው ሁሉ በአንድ ዛፍ ላይ ተንጠለጠለ፤ አንድ በሽታ ገባና ሁሉም አብሮ ታመመ። አጎዋ ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ፣ ዋሽንግተን ላይ በአንድ ብዕር የሚሰጥና የሚነሣ ነገር። ሐዋሳን በእርሱ ላይ ተከልናት። የአንድ ገበያ ፋብሪካና የአንድ ዛፍ ማሳ ልዩነቱ አይታየኝም። በሚያዝያ 2025 እንደ እነርሱ አቆጣጠር፣ ትራምፕ በዓለም ላይ ቀረጥ ሲጥሉ እኛን 10 በመቶ፣ ቬትናምን 46 በመቶ አሉ። ያን ሰሞን «ዕድል መጣ» የሚል ሰው በዛ። የቬትናም በኋላ ወረደ። በሰው ብዕር የመጣ ዕድል በሰው ብዕር ይሄዳል።

መምህሩ፦ ስለዚህ ምንም አንሥራ ነው የሚሉት? ጋሼ፣ ሲያፈርሱ ጎበዝ ነዎት። እስቲ አንድ ነገር ይትከሉ።

ነጋዴው፦ እተክላለሁ። ያንን ዲከረንስ ስትቆርጠው ልጡ የት ይሄዳል?

ልጅቷ፦ አብሮ ይከስላል። ወይ መሬት ላይ ይቀራል።

ነጋዴው፦ የግራር ዘመድ እኮ ነው። ልጡ ቆዳ የሚያለፋ ታኒን አለበት። ቆዳ ፋብሪካዎቻችን አብዛኛውን ኬሚካል ከውጭ ነው በዶላር የሚያመጡት። እዚህ ሌጦ ቦይ ውስጥ ይጣላል፤ ከቦዩ ማዶ ሌጦውን የሚያለፋው ልጥ ይቃጠላል። ይህን ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው እዚህ አገር ቢገኝ፣ ከዚህ ወዴት ይሄዳል? በበሽታውም ቢሆን የቀረው ዛፍ ለዚህ ይበቃል። ለእርሱ ነው የግብር እፎይታ የምሰጠው፤ ያንተን ገመድም አላስርበትም።

መምህሩ፦ ያስሩበታል! እፎይታውን ተቀብሎ ከሦስት ዓመት በኋላ ልጡን ጥሬውን ሞጆ ላሉት ቆዳ ፋብሪካዎች ልኮ እዚህ ያለውን ቢዘጋስ? አዲስ አበባም ለእንጅባራ ውጭ አገር ናት እኮ። ሥራ የሚሸሸው ባሕር ተሻግሮ ብቻ ነው ያለው ማን ነው? የአዊ ሌጦ ሲጫን ወደ ባሕር ዳርና ወደ ሞጆ ነው፤ ከሰሉ ሰባት ቤት አገውን አልፎ ሸገር ነው። የወረዳው ባለሥልጣን ግን ስለ ማዳጋስካር ይጨነቃል።

ነጋዴው፦ በዚህስ ረታኸኝ። ሞጆን አላሰብኳትም ነበር።

መምህሩ፦ ደግሞ አሁን በሩ በሌላ በኩል ተከፍቷል። በመመሪያ ቁጥር 1001/2016 የውጭ ባለሀብቶች ጥሬ ቡና፣ የቅባት እህል፣ ቆዳና ሌጦ ሳይቀር ገዝተው እንዲልኩ ተፈቅዷል። ያ ሁሉ ዓመት «ጥሬው አይውጣ» ያለው መንግሥት ዛሬ የውጭ ሰው መጥቶ ይግዛ ብሏል።

ነጋዴው፦ ለገበሬው ጥሩ ነው፤ ሁለት ገዢ አገኘ። ዋጋው ቀና ካለ ሌጦው ከቦይ ይወጣል። እኔ ይህን ነው ስል የኖርኩት።

መምህሩ፦ ለገበሬው ጥሩ ነው፤ ለሚያለፋው ልጅ ግን አይደለም። ሌጦው ከቦይ ወጥቶ ጥሬውን ጂቡቲ ቢደርስ፣ ሥራው ሳይወለድ ሄደ ማለት ነው። እርስዎ ዋጋውን አገኙ፣ እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የማስመርቀው ልጅ ግን ምን አገኘ? በዚህ ላይ ነው መልስ ያልሰጡኝ።

ነጋዴው፦ አልሰጠሁህም። ፋሲካ ይምጣና ሌጦው ስንት እንደገባ አይቼ እነግርሃለሁ።

ልጅቷ፦ ስለ መሄዱ ዋጋ አንድ ነገር ልጨምር። መምህር «ሲወጣ ይክፈል» ይላል። እኔ ስወጣ ተከፍሎኛል፤ ሕጉ አሁንም ያስከፍላል።

መምህሩ፦ ልክ ነሽ፤ ያው አዋጅ 1156 ነው። ድርጅቱ ለዘለቄታው ከተዘጋ ለመጀመሪያው ዓመት የሠላሳ ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ፣ በላዩ ደግሞ የስልሳ ቀን ደመወዝ።

ልጅቷ፦ ሦስት ዓመት ነው የሠራሁት። ሠላሳ፣ አሥር፣ አሥር፣ ስልሳ፤ መቶ አሥር ቀን። መነሻ ደመወዜ መጨረሻ ላይ 1,050 ብር ነበር። በሠላሳ ሲካፈል በቀን 35 ብር። ሙሉውን አስልተው ሰጡኝ፤ 3,850 ብር። አንድ ሳንቲም አላጎደሉም፤ ፈርሜ ወሰድኩ። ለሦስት ዓመት ኮሌታ። ከዚያ ላይ የቤት ኪራይና የመንገድ አወጣሁ። ጋሼ፣ እርስዎ በግ ነጋዴ ነዎት። ያን ጊዜ የተረፈኝን ይዤ ዳንግላ ገበያ ብመጣ ምን ይሰጡኝ ነበር?

ነጋዴው፦ በየትኛው ዓመት ነው ያልሽኝ?

ልጅቷ፦ በ2014፣ ለፋሲካ ሰሞን።

ነጋዴው፦ ጠቦት ምናልባት። ሙክት አልሸጥልሽም ነበር።